ከወሊድ በኋላ ክብደት አልቀንስ ሲል፦ ታይሮይድን የማጣራት አሠራር

«ከወለድኩ ሰባት ወር ሆነኝ። ምግብ ብዙም አልበላም፣ ክብደቴ ግን ንቅንቅ አላለም። ታይሮይድ ይሆን እንዴ?» ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰናል። ታይሮይድ አንገት ፊት ለፊት ያለ፣ ሆርሞን የሚያመርት ዕጢ ነው። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በግምት አይታወቅም፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተመርምሮም ላይታወቅ ይችላል። ከወሊድ በኋላ የሚመጣው የታይሮይድ ችግር በየወሩ መልኩን ይቀያይራል። ስለዚህ መቼ እንደተመረመርሽ ከውጤቱ እኩል ዋጋ አለው። ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተል ሥሪው።

የሚያስፈልጉሽ ነገሮች

- ደብተር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የወለድሽበትን ቀን፣ ከእርግዝና በፊት የነበረሽን ክብደትና ልትወልጂ ስትይ የነበረሽን ክብደት ጻፊ።
- አንድ ሚዛን። ሁልጊዜ ያው ሚዛን ይሁን፤ ሁለት ሚዛኖች በኪሎ ሊለያዩ ይችላሉ።
- የልብስ ሰፊ ሜትር።
- ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ወይም ስልክ።
- የምትወስጃቸው መድኃኒቶች፣ ቫይታሚኖችና የእርግዝና መከላከያ ማሸጊያ። ስማቸውን በቃልሽ ከመናገር ማሸጊያውን ይዞ መሄድ ይሻላል፣ መጠኑ እሱ ላይ ተጽፏልና።
- በእርግዝና ጊዜም ሆነ ከዚያ በፊት የተሠራ የደም ምርመራ ውጤት ካለሽ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከሚከተሉት አንዱ ካለ ይህን መመሪያ ተይውና ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂጂ።

- ጋደም ስትዪ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ እግርሽ ካበጠ፣ ወይም ክብደትሽ በጥቂት ቀናት ውስጥ በ2 ኪሎና ከዚያ በላይ ከጨመረ። ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ልብ ሊደክም ይችላል። እንዲህ በድንገት የሚጨምረው ኪሎ ስብ ሳይሆን ውሃ ነው።
- አርፈሽም የልብ ምትሽ ከ120 በላይ ሆኖ ካልረገበ፣ ደረትሽን ካመመሽ ወይም ራስሽን ከሳትሽ።
- በወለድሽ ሰሞን ከባድ ራስ ምታት ከዓይን መደብዘዝ ጋር ከመጣ።
- ራስሽን ወይም ሕፃኑን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ። ይህ የሚታከም ሕመም ነው፤ ብቻሽን ሆነሽ አትቆዪ፣ አብሮሽ ላለ ሰው አሁኑኑ ንገሪ።

1. ወሩን ቁጠሪ

በእርግዝና ወቅት የሰውነት መከላከያ ኃይል ረገብ ይላል፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ ይነሣል። በአንዳንድ እናቶች ሲነሣ የራሱን የታይሮይድ ዕጢ ያጠቃል። ከ100 እናቶች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑትን ይነካል ተብሎ ይገመታል። ብዙውን ጊዜ አንገት ላይ ሕመም የለውም፣ ስለዚህም ሳይታወቅ ያልፋል።

ሁለት ምዕራፍ አለው። በመጀመሪያው፣ ከ1ኛው እስከ 6ኛው ወር ባለው ጊዜ፣ የተጎዳው ዕጢ ያጠራቀመው ሆርሞን ወደ ደም ይፈስሳል። ሆርሞን ይበዛል፣ ክብደት ያለ ልፋት ይወርዳል። ይህ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ይቆያል። ከዚያ ማጠራቀሚያው ይሟጠጣል፤ የቆሰለው ዕጢ ቶሎ መተካት ስለማይችል ብዙውን ጊዜ ከ4ኛው እስከ 8ኛው ወር ባለው ጊዜ እጥረቱ ይጀምርና ወራት ሊቆይ ይችላል። አንዳንዷ የመጀመሪያውን ብቻ፣ አንዳንዷ ሁለተኛውን ብቻ ታያለች።

እንግዲህ በ2ኛውና በ3ኛው ወር ክብደትሽ በፍጥነት ወርዶ፣ በ6ኛው ወር ምግብሽን ሳትለውጪ ከቆመ ወይም መልሶ ከጨመረ፣ ይህን አካሄድ ልብ በዪው። በተቃራኒው ከወለድሽ ገና 6 ሳምንት ካልሞላሽ ከሚዛኑ ምንም መደምደሚያ አታውጪ። በወሊዱ ዕለት ከ5 እስከ 6 ኪሎ ይሄዳል፣ የተጠራቀመው ውሃ በቀጣዮቹ ሳምንታት ይወጣል፣ የቀረው ስብ ግን ወራት ይፈልጋል።

ዓይነት 1 የስኳር በሽታ ካለብሽ፣ ካለፈው ወሊድ በኋላ ይኸው ችግር ከነበረብሽ፣ ወይም በቤተሰብሽ የታይሮይድ ሕመም ካለ ዕድሉ ከፍ ይላል። ፅንስ ከተቋረጠ በኋላም ሊመጣ ይችላል።

2. ለ2 ሳምንት መዝግቢ

ክብደት፦ ጠዋት፣ ሽንት ቤት ደርሰሽ፣ ምንም ሳትቀምሺ፣ በቀላል ልብስ። ውሃ፣ ጨው፣ ያልወጣ ሰገራና ጡት ውስጥ ያለ ወተት ሚዛኑን በአንድ ቀን ውስጥ ከ1 ኪሎ በላይ ሊያወዛውዙት ስለሚችሉ የማታና የጠዋት ቁጥር አታወዳድሪ።

ወገብ፦ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በእምብርት ትክክል፣ ትንፋሽ ካወጣሽ በኋላ።

የልብ ምት፦ ከአልጋ ሳትነሺ፣ ሁለት ጣትሽን ከአውራ ጣት ሥር የእጅ አንጓ ላይ አድርገሽ ሙሉ 60 ሰከንድ ቁጠሪ። በአውራ ጣትሽ አትቁጠሪ፤ የራሱ ምት አለውና ያሳስትሻል። ይህን ቁጥር እንዳትዘልዪው፤ ሆርሞን ሲበዛ ምት ይፈጥናል፣ ሲያንስ ይዘገያል። በእንቅልፍ ማጣትና በሆርሞን እጥረት መካከል ለመለየት ከድካም ስሜትሽ የበለጠ ይረዳል።

አንድ የደብተር መስመር ይህን ይመስላል፦

«24ኛ ሳምንት፣ እሑድ። 72.3 ኪሎ። ወገብ 91። ምት 56። ሌሊት በድምሩ 6 ሰዓት ተኛሁ። ሹራብ ደርቤም በረደኝ። ሆድ ከደረቀ 4ኛ ቀን።»

ሌላው ደግሞ፦

«24ኛ ሳምንት፣ እሑድ። 72.3 ኪሎ። ወገብ 91። ምት 78። ሌሊት በድምሩ 3 ሰዓት ተኛሁ፣ ሕፃኑ 5 ጊዜ ተነሣ። ብርድ የለም። ሆድ ደህና።»

ኪሎው አንድ ነው፣ ታሪኩ ግን ለየቅል ነው። የመጀመሪያዋ በቂ ተኝታ ይበርዳታል፣ ሆዷ ይደርቃል፣ ምቷ ዘግይቷል። ታይሮይዷ በቶሎ መታየት አለበት። ሁለተኛዋም ብትመረመር አይከፋም፣ ነገር ግን መጀመሪያ የሚታየው እንቅልፏ ነው።

3. ምልክቶቹን ለይ

ድካም፣ የፀጉር መነቃቀልና የስሜት መውረድ ብቻቸውን ታይሮይድን አያመለክቱም። ፀጉር ከወሊድ በኋላ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ወር ጀምሮ መርገፉ ጤነኛ ታይሮይድ ባላቸው ብዙ እናቶችም ያለ ነገር ነው።

ወደ እጥረት የሚጠቁሙት፦ ሌላው ሰው ሳይበርደው አንቺን መብረድ፣ የቆዳ መድረቅ፣ የሆድ ድርቀት፣ ጠዋት ፊትና የዓይን ሽፋን ማበጥ፣ የድምፅ መጎርነን፣ የምት መዘግየት፣ የወተት መቀነስ።

ወደ ብዛት የሚጠቁሙት፦ ሙቀት አለመቻል፣ ላብ፣ የልብ ትርታ፣ ሕፃኑ ተኝቶም እንቅልፍ እምቢ ማለት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ። መንቀጥቀጡን ለማየት እጅሽን ወደፊት ዘርግተሽ ጣቶችሽን ከፍተሽ ከላይ አንድ ነጠላ ወረቀት አድርጊበት። በዓይን የማይታየው መንቀጥቀጥ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ይታያል።

ዓይንሽ ወደፊት የወጣ ከመሰለሽ ወይም አንገትሽ ፊት ለፊት ካበጠ ለሐኪሙ ለይተሽ ንገሪ። ይህ ግሬቭስ የሚባለውን፣ ሕክምናው ከዚህኛው የሚለየውን የታይሮይድ በሽታ ሊያመለክት ይችላል።

4. ትክክለኛውን ምርመራ ጠይቂ፣ በትክክል ተዘጋጂ

የምትጠይቂው ሁለቱን አንድ ላይ ነው፦ ቲኤስኤች (ታይሮይድን የሚያዝዘው ሆርሞን) እና ፍሪ ቲ4 (በደም ውስጥ ከፕሮቲን ጋር ሳይታሰር ያለው የታይሮይድ ሆርሞን)። አንድ ጊዜ ደግሞ አንቲ ቲፒኦ የሚባለው የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ቢጨመር ጥሩ ነው፤ ከተገኘብሽ ችግሩ የመከላከያ ኃይል ጥቃት መሆኑን ይደግፋል፣ ለወደፊትም ክትትል እንደሚያስፈልግሽ ይናገራል። «ጠቅላላ ቲ4» ብቻ ከተሠራልሽ አይበቃም። ኤስትሮጅን ያለበት የእርግዝና መከላከያ ሆርሞኑን የሚሸከመውን ፕሮቲን ስለሚያበዛ ቁጥሩን ከእውነታው በላይ ያሳየዋል።

ዝግጅቱ ቀላል ነው፣ ግን ውጤት የሚያበላሹት እዚህ ላይ ያሉት ነገሮች ናቸው፦

- ባዮቲን አቁሚ። የፀጉርና የጥፍር ቫይታሚን ውስጥ በብዛት ይገባል። ብዙ ላብራቶሪዎች በሚጠቀሙበት የምርመራ ዘዴ ውስጥ ገብቶ ቲኤስኤችን በሐሰት ዝቅ፣ ቲ4ን በሐሰት ከፍ ያደርገዋል፤ እጥረት ያለባትን እናት ብዛት ያለባት ያስመስላታል። ቢያንስ ከ2 ቀን በፊት ተዪው፣ መጠኑ ከፍተኛ ከሆነ ስንት ቀን እንደሚያስፈልግ ላብራቶሪውን ጠይቂ።
- መጾም አያስፈልግም። ጠዋት ሂጂ፤ ቲኤስኤች ሌሊትና ማለዳ ከፍ ብሎ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል። ስትደግሚም በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን።
- የታይሮይድ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ መጀመሪያ ደም ስጪ፣ ክኒኑን ከዚያ በኋላ ዋጪ።
- በዚያው ደም የደም ማነስና የአይረን ክምችት ምርመራ አሠሪ። በእርግዝና ጊዜ ስኳር ከነበረብሽ የስኳር ምርመራም ጨምሪ። ድካሙ ከእነዚህም ሊመጣ ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ጡት እያጠባሽ በራዲዮአክቲቭ አዮዲን የሚሠራ የታይሮይድ ምርመራ ወይም ሕክምና አይደረግልሽም፤ በወተት ወደ ሕፃኑ ያልፋል። ማጥባትሽን ሳትጠየቂ ቀድመሽ ተናገሪ።

5. ውጤቱን አንብቢ

ቲኤስኤች አንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ ለታይሮይድ የሚልከው ትእዛዝ ነው። ቲ4 ታይሮይድ የሚያወጣው ምርት ነው። ምርት ሲያንስ ትእዛዝ ይጨምራል፣ ሲበዛ ትእዛዝ ይቀንሳል። «ቲኤስኤች ከፍ ብሏል» ማለት ሆርሞን በዝቷል ማለት ሳይሆን፣ ብዙ ጊዜ አንሷል ማለት ነው። በአብዛኛው ላብራቶሪ ጤናማው ቲኤስኤች ከ0.4 እስከ 4 ነው፤ ያም ሆኖ ወረቀትሽ ላይ የተጻፈውን ክልል ተከተዪ።

ቲኤስኤች ከፍ፣ ቲ4 ዝቅ፦ እጥረት አለ። ስለ ሕክምናው ከሐኪሙ ጋር ትነጋገሪያለሽ።

ቲኤስኤች ከፍ፣ ቲ4 ደህና፦ ቀላል እጥረት ነው። ከ4 እስከ 10 ባለው ውስጥ ከሆነ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ይደገማል፤ ምልክት ካለሽ ወይም ሌላ እርግዝና ካሰብሽ ሐኪሙ ከዚያ በፊትም ሊያክምሽ ይችላል። ከ10 ካለፈ ብዙውን ጊዜ ይታከማል።

ቲኤስኤች ዝቅ፣ ቲ4 ከፍ፦ ብዛት ነው። እዚህ ላይ ግሬቭስ መሆን አለመሆኑ በሌላ የደም ምርመራ ይለያል። የወሊድ በኋላው ዓይነት ከሆነ የሆርሞን ምርት የሚያግድ መድኃኒት አይጠቅምም፣ ዕጢው የሚያፈሰው ቀድሞ ያጠራቀመውን እንጂ አዲስ የሚያመርተውን አይደለምና። ትርታውና መንቀጥቀጡ ካስቸገረሽ እንደ ፕሮፕራኖሎል ያለ ምት የሚያረጋጋ መድኃኒት ለጊዜው ሊታዘዝ ይችላል። አስም ካለብሽ አስቀድመሽ ተናገሪ።

ሁለቱም ደህና፦ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ወር ባለው ጊዜ ከሆነ ገና አትዝጊው። ከብዛት ወደ እጥረት የሚሻገር ሆርሞን በመሐል በጤናማው ክልል ውስጥ ማለፉ አይቀርም። ምርመራሽ እዚያ መሻገሪያ ላይ ካገኘሽ ውጤቱ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ምልክቱ ካልለቀቀሽ ከ4 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ድገሚ።

ሁለቱም ዝቅ፦ ይህን ማንም እንዳያልፍብሽ። ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው ያው መሻገሪያው ነው፤ ምርቱ ወርዷል፣ ለሳምንታት የታፈነው ፒቱታሪ ግን ትእዛዙን ገና አልጀመረም። ሁለተኛው ፒቱታሪው ራሱ መጎዳቱ ነው። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ከፈሰሰሽ፣ ወተትሽ ጨርሶ ካልመጣ፣ ሳታጠቢም የወር አበባሽ ካልተመለሰ፣ ከሦስቱ ያለብሽን ሁሉ ለሐኪሙ ንገሪ። እንዲህ ባለው ጊዜ ቲኤስኤች ብቻውን ደህና መስሎ ሊያታልል ይችላል፤ ፍሪ ቲ4 አብሮ ይሠራ ያልነውም ለዚህ ነው። የታይሮይድ ክኒን ከመጀመሩ በፊትም ኮርቲሶል (ከኩላሊት በላይ ያሉ ዕጢዎች የሚያወጡት ሆርሞን) መለካት አለበት፣ ኮርቲሶል ጎድሎ ክኒኑ ቀድሞ ከገባ ለሕይወት የሚያሰጋ ቀውስ ሊያስነሣ ይችላልና።

6. ክኒን ከታዘዘልሽ

መድኃኒቱ ሌቮታይሮክሲን ነው፤ ዕጢው የሚያወጣው ቲ4 ራሱ ነውና ጡት ለማጥባት ችግር የለውም። ጨርሶ ለማያመርት ዕጢ የሚሰጠው ለአንድ ኪሎ ክብደት 1.6 ማይክሮግራም ገደማ ነው፤ 65 ኪሎ ለምትመዝን 100 ያህል ማለት ነው። ከወሊድ በኋላ ዕጢው በከፊል ስለሚሠራ ከዚህ ያነሰ ይታዘዛል። የጎረቤትሽን ወይም የእህትሽን መጠን አትውሰጂ።

- በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ፣ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት። ቡናም ቢሆን ይህን ያህል ይቆይ፣ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል።
- ጠዋት ትርምስ ከሆነብሽ ሌላ መላ አለ። ክኒኑንና ውሃውን ሕፃኑ በማይደርስበት የአልጋ አጠገብ ቦታ አስቀምጪና ንጋት ላይ ለማጥባት ስትነሺ ውሰጂው፣ ከዚያ ተመልሰሽ ተኚ። ከመጨረሻው ምግብ 3 ሰዓት ካለፈ ይሠራል።
- አይረን፣ ካልሲየምና የጨጓራ አሲድ ማብረጃ በ4 ሰዓት ይራቁ። አንጀት ውስጥ ከክኒኑ ጋር ይጣበቃሉ። ከወሊድ በኋላ አይረን የምትወስድ እናት ብዙ ስለሆነች መጠኑ እየተጨመረ ቲኤስኤች አልወርድ የሚልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።
- ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ቲኤስኤች ይደገም። መድኃኒቱ በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 7 ቀን ስለሚፈጅበት መጠኑ የሚረጋው ከ5 ወይም ከ6 ሳምንት በኋላ ነው። በ2ኛው ሳምንት ተለክቶ መጠን መቀየር ያምታታል።

ከእርግዝና በፊትም ክኒኑን ትወስጂ ከነበረና በእርግዝና ጊዜ መጠኑ ተጨምሮ ከነበረ፣ ከወለድሽ በኋላ ብዙውን ጊዜ ወደ ቀድሞው ይመለሳልና በ6ኛው ሳምንት ይለካል። ማንም ካልነገረሽ ጠይቂ።

7. ኪሎውን ለብቻው ያዢው

የታይሮይድ እጥረት ብዙውን ጊዜ የሚያመጣው ከ2 እስከ 5 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከዚያም አብዛኛው ጨውና ውሃ ነው። ስለዚህ ከቀድሞው 12 ኪሎ ከበለጥሽ ክኒኑ ሁሉንም አያወርድልሽም። ይህን አስቀድመሽ ካወቅሽ መድኃኒቱ አልሠራም ብለሽ አታቆሚውም።

ቆጠራውን ቲኤስኤች ወደ ክልሉ ከተመለሰበት ቀን ጀምሪ። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ድረስ መቀነስ በቂ ነው። ሙሉ በሙሉ ማጥባት በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ይወስዳል፤ ይህ ራሱ ሥራ ነው። እያጠባሽ በቀን ከ1800 ካሎሪ በታች አትውረጂ፣ ጉልበትሽም ወተትሽም ሊጎዳ ይችላል። ሐኪምሽ ከፈቀደልሽ በ10 ደቂቃ ፈጣን እርምጃ ጀምረሽ በሳምንት ወደ 150 ደቂቃ አድርሺው። በቀዶ ሕክምና ከወለድሽ መቼ እንደምትጀምሪ ጠይቂ።

አዮዲን ለምታጠባ እናት በቀን 250 ማይክሮግራም ያስፈልጋል። ሲበዛ ደግሞ ዕጢውን ያዘጋዋል፣ በወተትም ለሕፃኑ ያልፋል። ከባሕር አረም የተሠራ «የታይሮይድ ማጠናከሪያ» እንክብል በራስሽ አትጀምሪ።

8. ዓመቱ ሲሞላ

አብዛኞቹ በ12 ወር ውስጥ ይድናሉ። ሐኪሙ ክኒኑን ከጀመርሽ ከ6 እስከ 12 ወር በኋላ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ቲኤስኤችን ይከታተላል። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ለማርገዝ እየሞከርሽ ከሆነ ግን ይህ ሙከራ አይደረግም። ከዳንሽም በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ቲኤስኤች አሠሪ፣ ዕጢው ከዓመታት በኋላ ሊደክም ይችላል። በሚቀጥለው እርግዝና በመጀመሪያው ክትትል ላይ ይህን ታሪክ ንገሪ፤ ችግሩ የመመለስ ዕድሉ ከፍተኛ ስለሆነ ከወሊድ በኋላ በ3ኛውና በ6ኛው ወር መመርመር ተገቢ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

- ክብደት ለመቀነስ ክኒኑን ከታዘዘው በላይ መውሰድ። ጡንቻ ያሟሽሻል፣ አጥንት ያሳሳል፣ የልብ ምት ያዛባል።
- በ3ኛው ወር ክብደት ሲቀልጥ ደስ ብሎ መተው። ትርታና መንቀጥቀጥ አብሮት ካለ ያን ጊዜ መመርመር ነበረበት።
- ሲሻልሽ ክኒኑን በራስሽ ማቆም። የተሻለሽ በክኒኑ ሊሆን ይችላል።
- ሁሉን ነገር «የወሊድ ድካም ነው» ብሎ ማለፍ፣ ወይም ሁሉን በታይሮይድ ማሳበብ። ሁለት ጊዜ በ8 ሳምንት ልዩነት ተለክቶ ሁለቱም ቁጥሮች ደህና ከሆኑ ታይሮይዱን ተይና እንቅልፍሽን፣ የ7 ቀን የምግብ ዝርዝርሽን፣ የምትወስጂውን የእርግዝና መከላከያና ስሜትሽን ከሐኪምሽ ጋር እይ። በተለይ ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ ሐዘንና ተስፋ ማጣት ካለ ለድባቴ ምርመራ ጠይቂ።
- የድሮውን ውጤት መጣል። ሁሉንም ወረቀት በቀኑ ቅደም ተከተል ደብተርሽ ውስጥ ለጥፊ፤ ሐኪሙ የትኛው ምዕራፍ ላይ እንዳለሽ የሚያውቀው ሁለት ውጤት ጎን ለጎን ሲያይ ነው።